«ወንዙ ወዴት ነው?» ያሉት እትዬ አስካለ

የእትዬ አስካለን ሞት የሰማሁት በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከላዩ ውጤት ያላስገባን መምህራን እስከ አርብ እንድናስገባ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ነበር፤ ከታቹ የላቦራቶሪው ቁልፍ ስለጠፋ ያገኘ ሰው እንዲመልስ ይለምናል። በሁለቱ መካከል «የጽዳት ባልደረባችን እትዬ አስካለ ስላረፉ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ነው» ይላል። የስፖርት መምህሩ አውራ ጣቱን የቀሰረ ምልክት ሰጥቶበታል። በኋላ ሲጠየቅ፣ «ለቁልፉ ነው የሰጠሁት» አለ።

እኔ ያን ቀን ኩታበር፣ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ መካነ ሰላም ብዬ ብገሰግስም ቀብሩ አመለጠኝ። የደረስኩት ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲዘግን ነው። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎረቤታቸው እፍኙን ወደ አፉ እየወረወረ፣ «ጥሩ ሴት ነበሩ፤ ወሬ ያበዙ ነበር እንጂ» አለኝ። ወሬ አልነበረም ማለት ነበረብኝ። ከእኔ በስተቀር ይህን የሚያረጋግጥ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ንፍሮዬን ዘገንኩና ዝም አልኩ። በዚህ ጉዳይ ዝም ስል ያኔ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ትምህርት ቤታችን በጽዳት ከመቀጠራቸው በፊት አሥራ ሦስት ዓመት ዓረብ አገር፣ በአንዲት ትንሽ የበረሃ ከተማ፣ በሰው ቤት ሠርተዋል። የከተማዋን የዛሬ ስም አልጽፈውም። እሳቸውም በዛሬ ስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ኡም ሰይል» ነበር የሚሏት። የድሮ ስሟ ነው፣ ትርጉሙም የጎርፍ እናት ማለት ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስሙን ጠልቶ ቀየረው ይላሉ። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በረሃ ላይ ያለች ከተማ የጎርፍ እናት ልትባል ስለማትችል፣ ቃሉን በደንብ አልሰሙት ይሆናል ብዬ በልቤ አርሜላቸው ነበር።

ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀኝ መስኮት ነው። በተቀጠርኩበት ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ፣ «በረሃ ማለት ዝናብ የማይዘንብበት ምድር ነው» ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ውጭ ይሰማ የነበረው የመጥረጊያ ድምፅ ቆመ።

«ይዘንባል» አለ አንድ ድምፅ።

ዞር ስል ነጠላቸውን ያጣፉ ቀጠን ያሉ ሴት መጥረጊያቸውን ተደግፈው በመስኮቱ ያዩኛል።

«ይዘንባል እኮ መምህር፣ አልፎ አልፎ ነው እንጂ። የዘነበ ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሰዉ ልጆቹን በመኪና ጭኖ ዝናብ ሊያሳያቸው ይወጣል። ጻፉት ልጆች፤ ይጠቅማል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም «እናመሰግናለን» ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ሄድኩ፤ መስኮቱ ግን መስታወትም መዝጊያም አልነበረውም። በፈተና ጊዜ «የበረሃን የአየር ንብረት አብራራ» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ ተማሪ «የዘነበ ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋል» ብሎ መለሰ። ሁሉንም ኤክስ አደረግኩባቸው።

ከነጠላቸው ጠርዝ ሰማያዊ ክር የገባበት መርፌ አይጠፋም ነበር። የተማሪዎቻችን ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው፤ የተቀደደበት፣ ቁልፍ የተበጠሰበት ልጅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይቆማል። አንድ ጊዜ የጋውኔ ኪስ ተተርትሮ ጠመኔዬ እየወደቀ ሲያስቸግረኝ አይተው፣ ሳላወልቀው፣ እንደቆምኩ ሰፉልኝ። ነጩ ጋውን ላይ ሰማያዊው ስፌት ከሩቅ ይታያል።

«እትዬ፣ ነጭ ክር የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«የሚያስጨንቅህ ኪስህ ነው ወይስ ክርህ?» አሉኝ።

ጋውኑን ዛሬም እለብሰዋለሁ። ሌላው ኪስ ሁለት ጊዜ ተቀዷል፤ ያ ግን እንዳለ ነው።

ስለ ኡም ሰይል የሚናገሩትን ሰው እንዲያምናቸው አይለምኑም፣ አይምሉም። የተረፈ ወጥ እንደሚያቀብል ሰው ጣል አድርገውት ይሄዳሉ። ከተማዋ ከዳቦ ቤት በፊት በረዶ ቤት ነበራት ይላሉ፤ በረዶው በጆንያ ተጠቅልሎ በግመል ይዞር ነበር። ባሕር በአጠገቧ የለም፣ የሰዉ ዋና ምግብ ግን ዓሣ ነው። ከመሬት በታች ዓመታት የሚተኛ እንቁራሪት አለ፤ ዝናብ ሲነካው ተነስቶ ሲጮህ ያድራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። ከተማው መሀል ትልቅ ድልድይ አለ፣ ከሥሩ ግን ምንም የለም፤ ሰዉ ለጥላው ብሎ መኪና ያቆምበታል። የድሮው መቃብር ያለው ከፍታው ላይ ነው። «ጥሩውን ቦታ የያዙት ሙቶቹ ናቸው» ይሉና «ጻፈው፤ ይጠቅማል» ብለው ባልዲያቸውን ያነሳሉ።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «እትዬ ጂኦግራፊ» የሚል ስም ወጣላቸው። የስፖርት መምህሩ በገቡ ቁጥር፣ «እትዬ ጂኦግራፊ፣ ዛሬስ ምን ተገኘ?» ይላቸዋል። እሳቸውም የተገኘውን ይነግሩታል። መሳቂያ መሆናቸው ጠፍቷቸው አልነበረም። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ ሳቄ ግን ቅናትም ነበረበት፤ ምክንያቱም ጂኦግራፊ ላስተምር የተቀጠርኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጡት የነገሩኝ ትምህርት ቤቱ ባዶ በሆነበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው። እኛ ዘንድ በረሃ ማለት ዓባይ ነው። ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ ቁልቁል የሚሄድ ሰው «በረሃ ወረደ» ይባላል። እዚያ ሙቀት አለ፣ ወባ አለ፣ እባብ አለ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ወንዝ አለ። ወንዝ የሌለበት በረሃ ሰምተንም አይተንም አናውቅም። እትዬ አስካለም ደላላው «የምትሄጅበት አገር በረሃ ነው» ሲላቸው፣ እንደ ማንኛውም የእኛ ወረዳ፣ የቦረና ሰው የበረሃ ጓዛቸውን ሸከፉ።

«ለእባቡ ነጭ ሽንኩርት ያዝኩ፣ ለምቹ ፌጦ ያዝኩ» አሉኝ። «ጤና ኤክስቴንሽኗ የሰጠችኝን አጎበርም ያዝኩ። ማዳም ሻንጣዬን ከፍታ አጎበሩን ስታይ ዓሣ አጥማጅ መሰልኳት። ሽንኩርቱን ስታይ ግን ጠንቋይ ናት ብላ ጮኸች። ወላሂ፣ ያን ቀን ሊመልሱኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አባቷ ጠሩኝ። ባባ ሰዒድ ይባላሉ፤ እግራቸው አይሄድም፣ በሚገፋ ወንበር ነው። የመጣሁት እሳቸውን ልገፋ ነው። ምን ፈልገሽ ነው አሉኝ መሰለኝ በእጃቸው። ቋንቋ የለኝ። እኔም በእጄ እንዲህ አድርጌ፣ ሿ እያልኩ፣ ወንዙ ወዴት ነው አልኳቸው። ልብስ አጥባለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ ብዬ እኮ ነው! በረሃ ወርጄ ወንዙን ሳላውቅ ልደር?»

ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ፣ ወንበሩን ግፊ ብለው ምልክት ሰጧቸው፣ በእጃቸው እየመሩ ያ ሥሩ ባዶ የሆነ ድልድይ ዘንድ አደረሷቸው። በቆሙት መኪናዎች መካከል መሬቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉ። «ሿ» አሉ እሳቸውም።

ባባ ሰዒድ ያሉትን በቃል የተረዱት ከዓመት በኋላ፣ ዓረብኛው ሲገባቸው ነው። ኡም ሰይል የተሠራችው በወንዝ ላይ ነው። ወንዙ በብዙ ዓመት አንዴ ይመጣል፤ ስለማይታይ ሰዉ ረስቶት ቤት ሠራበት። የጥንቶቹ ያውቁት ስለነበር መቃብራቸውን ከፍታው ላይ አደረጉ። ድልድዩን የሠራው ከውጭ የመጣ መሐንዲስም ያውቅ ነበር፤ እሱንም ሰዉ ሳቀበት። «በዚህች ከተማ ወንዙን የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ» አሏቸው ሽማግሌው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ከተማዋን እየተገፉ አስተማሯቸው፤ በረዶ ቤቱ የነበረበትን፣ እንቁራሪቱ የሚወጣበትን፣ ውሃው የሚሄድበትን።

«ሰዉ ሜዳ ናት ይላል» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ወንበር የገፋ ሰው ያውቃል። ላይ አላት፣ ታች አላት። ታች ታቹን ስትሄድ ወንበሩ ራሱ ይሄድልሃል፤ ወንዙ እሱ ነው።»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ስለ እንቁራሪቱ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። እውነት ነው። ዝናብ የተባለው እውነት ነው፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም እውነት ነው፣ ሥሩ ባዶ የሆነው ድልድይም ፎቶው አለ። በማግስቱ ማረፊያ ክፍል ገብቼ ሲስቁባቸው ሰማሁ፣ ምንም አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ አውቀዋለሁ። ዲግሪ አለኝ።

ውባለም የእትዬ አስካለ ብቸኛ ልጅ ናት። ሕፃን ሆና አያቷ ዘንድ አጅባር ትተዋት ሄደው፣ ሲመለሱ ልጅቷ ቁመታቸውን ደርሳ ነበር። አስተምሬያታለሁ፤ ዝም የምትል፣ ደብተሯ የጸዳ ልጅ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ትምህርቱን ተወችውና እንደ እኩዮቿ ለመሄድ ተነሳች። የምትሄደውም እዚያው ኡም ሰይል ነው፤ ባባ ሰዒድ ሞተው የእናቷ ማዳም አዲስ ሰፈር ቤት ሠርታ ሠራተኛ ትፈልጋለች።

እትዬ አስካለ ይህን የነገሩኝ ማረፊያ ክፍሉን እየወለወሉ ነው።

«አትሂጂ አይሏትም?» አልኳቸው።

«እኔ የሄድኩ ሴትዮ በምን አፌ? አትሂጂ ብላትም ትሄዳለች፤ ተኳርፈን ትሄዳለች እንጂ» አሉና መወልወያውን አቆሙ። «ቤቱ ግን ታች ነው መምህር። አዲስ ሰፈር የሚሉት ወንዙ ሆድ ውስጥ ነው። ለማዳም ደውዬ ብነግራት ሳቀችብኝ፤ አባቴን መሰልሽ አለችኝ። ውባለምም እናቷን አታምንም፤ እዚህ ስትስቁብኝ ነው ያደገችው። አንተን ግን ታምናለች፣ አስተማሪዋ ነህ። ካርታ ሳልልኝ።»

ሦስት ከሰዓት በኋላ የጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ግማሹን ቀድጄ ማስመሪያዬን ይዤ ጠበቅኳቸው።

«ሰሜኑ በየት በኩል ነው?»

«ሰሜን አላውቅም። ባባ ሰዒድ ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደዚህ ነው።»

ቀስቱ ላይ «ሰ» መጻፍ ሲገባኝ «ቂ» ብዬ፣ ቂብላ ማለቴ ነው፣ ጻፍኩ። ሌላው ሁሉ ቀላል ነበር። መንገዱን በእግራቸው ስለሚያውቁት አያመነቱም። ነዳጅ ማደያው፣ ድልድዩ፣ ትልቁ መስጊድ፣ መቃብሩ፣ ማዳም አዲሱን ቤት የሠራችበት ቦታ። ስልኬ ላይ ካለው ካርታ ጋር በድብቅ ሳስተያየው ከነገሩኝ የሳቱት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን፣ «አሁን ወንዙን አድርግልኝ» አሉኝ።

ጣታቸው በሄደበት በእርሳስ ተከተልኩ። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ተነሳ፣ በድልድዩ ሥር አለፈ፣ አዲሱ ሰፈር ገባ፣ ውባለም የምትሠራበትን ቤት አቋርጦ ወጣ። እትዬ አስካለ መጥረጊያቸውን ሊያነሱ ሲሄዱ ካርታውን አየሁት። በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ በእኔ ቀለም የተሠራ፣ በረሃ መሀል ወንዝ ያለበት ካርታ ነው። መጽሐፉ ላይ የለም። ስልኩም እዚያ ቦታ ላይ ባለ ሁለት መንገድ አስፋልት ነው የሚያሳየው። የሚያውቅ ሰው ቢያየው ማን ሳለው ይላል ብዬ አሰብኩ። ላጲሴን አወጣሁና ወንዙን አጠፋሁት። ብናኙን እፍ ብዬ ቀና ስል በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

ካርታውን ተቀበሉኝ፣ አጣጠፉት፣ «እግዜር ይስጥህ መምህር» ብለውኝ ወጡ። ከሳምንት በኋላ ውባለም ሄደች።

ጎርፉ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። የእኛ በልግ ጠፍቶ፣ ገበሬው ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ አቧራ ብቻ ሆኖ ነበር። በሻይ ሰዓት የስፖርት መምህሩ ስልኩን ይዞ እየሳቀ ገባ።

«እትዬ ጂኦግራፊ፣ ይምጡ ይዩ! በረሃ ላይ መኪና ሲዋኝ!»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጠጋ አሉ። ቡናማ ውሃ መኪናዎችን እርስ በእርስ እያላተመ ይወስዳል። እትዬ አስካለ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ።

«ይኸው ድልድዩ» አሉ።

ሳቁ ቆመ። እሳቸው ወጥተው ኔትወርክ ይሻላል ወደሚባለው ወደ ባንዲራ መስቀያው ሄዱ፣ ደወሉ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ተባሉ። እንደገና ደወሉ። ሴትየዋ ያንኑ መለሰችላቸው።

ሁለት ቀን እንዲሁ ሆነ። ግቢውን ይጠርጋሉ፣ ይደውላሉ፣ ይጠርጋሉ። አንዱን ቦታ አራት ጊዜ ሲጠርጉት አይቻለሁ፤ አቧራው አልቆ መሬቱን እየጠረጉት ነበር። እህል አልቀመሱም። ሲጠየቁ ጾም ነው ይላሉ፤ ጾም ግን አልነበረም። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ውባለም ካርታዬን ዘርግታ ወንዙን ስትፈልግ፣ ስታጣውና ቤቷ ስትቀመጥ ትታየኛለች። በሁለተኛው ቀን መቋቋም አቅቶኝ ግቢው መሀል ሄጄ ቆምኩባቸው።

«እትዬ፣ ወንዙን አጥፍቼዋለሁ።»

«አይቼሃለሁ» አሉኝ፣ መጥረጋቸውን ሳያቆሙ።

«ካርታው ላይ ወንዝ የለም ማለት ነው።»

«አብሽር መምህር።»

«ልጅቷ በእኔ ካርታ…»

«አብሽር አልኩህ። እግርህን አንሳልኝ፣ ልጥረግበት።»

እግሬን አነሳሁላቸው። ያን ጊዜ ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። የገዛ ልጃቸው መዳን አለመዳኗ ሳይታወቅ እኔን አይዞህ ይሉኛል። ይቅር ብለውኝ ይሁን ተስፋ ቆርጠውብኝ አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልካቸው ሽርጣቸው ውስጥ ጮኸ። መጥረጊያውን ጥለው አነሱት። ከየክፍሉ በመስኮት የሚያዩ ተማሪዎች ነበሩ፤ እኔም አንዱ መስኮት ላይ ነበርኩ።

«የት ነሽ?» ብለው ጮኹ። አደመጡ። ከዚያ አቧራው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና፣ «ሙቶቹ ዘንድ? ሙቶቹ ዘንድ ነሽ? ተመስገን!» አሉ።

የስፖርት መምህሩ ልጅቷ የሞተች መስሎት ራሱን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ግን ሮጬ አጠገባቸው ደረስኩ። አማተቡና «አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «መቃብሩ ላይ ናት። ደህና ናት።»

የነገሯትን አስታውሳ ነው ብዬ አሰብኩ። የእናቷን ወሬ ከእኔ ካርታ አብልጣ አምናለች ማለት ነው፤ ደስ አለኝ፣ ቀለለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሳቀባቸው የለም። «ዛሬስ ምን ተገኘ» የሚላቸውም ጠፋ፣ ይህኛው ሳያስከፋቸው አልቀረም። ስለ ካርታው እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ያን ነገር ሳንነጋገርበት ሁለት ዓመት ሰላም ተባብለን ኖርን። ከዚያ የስኳር ሕመማቸው ጠናና አረፉ።

ውባለም ለቀብሩ ፈቃድ አጥታ የደረሰችው ለአርባው ነው። እኔ ከክፍል በቀጥታ፣ ጋውኔን እንደለበስኩ ነበር የመጣሁት። እንግዳው ሲበተን የእናቷን ነጠላ እንደለበሰች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለቅሶውን ተላቀስን። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል፣ አንድ ጎኑ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ተሰራጭቷል። ጭኔ ላይ ዘረጋሁት።

የእኔ መንገዶች፣ የእኔ መስጊድ፣ የእኔ «ቂ» እንዳሉ ናቸው። በእነሱ ላይ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ተነስቶ፣ በአዲሱ ሰፈር በኩል፣ በማዳም ቤት ላይ አልፎ የሚሄድ ሰማያዊ የክር ስፌት አለ። ረድፉ ጠበቅ ጠበቅ ያለ ነው። ኪሴ ላይ ያለውን ስፌት አየሁ፣ ካርታውን አየሁ። አንድ እጅ ነው።

«የምሄድ ዕለት ጠዋት ነው የሰጠችኝ» አለች ውባለም። «‹እርሳስ ይጠፋል፣ ክር ግን አይጠፋም› አለችኝ። ‹ውሃ ካየሽ ከክሩ ራቂ፣ ወደ ሙቶቹ ውጪ› ነው ያለችኝ። ውሃው ሲገባ ማዳም ምንጣፍ አንሺ ትለኛለች። እኔ ካርታውን አወጣሁ። ክሩን በጣቴ ስከተለው በቤታችን ላይ ነው የሚያልፈው። ልጆቹን በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ፤ ማዳምም ልጆቼን አምጪ እያለች ተከተለችኝ። መቃብሩ ስንደርስ ዘበኛው ሴት አይገባም አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ታቹን ሲያይ በሩን ከፈተው።»

«እንዲህ መስፋታቸውን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳት። «ሁለት ቀን ሙሉ እኮ… ማጥፋቴን ነግሬያቸው ነበር።»

ውባለም ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንዳታሳዪው ብላኝ ነው። ‹መምህሩ ያፍራል፤ የተማረ ሰው ነው፣ አታሳፍሪው› አለችኝ።»

አፈርኩ። አርባ ቀን ካለፋቸው በኋላ፣ እሳቸው በሌሉበት፣ አንገቴን ደፍቼ አፈርኩ፣ አለቀስኩም። ያ በድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዘግን የነበረው ጎረቤታቸው ከወዲያ ጥግ ያየኛል። ተነስቼ ሄድኩና፣ «ወሬ አልነበረም» አልኩት። «ምኑ?» አለኝ። ቁጭ ብዬ ከነጭ ሽንኩርቱ ጀምሬ ነገርኩት። እንቁራሪቱ ላይ ስደርስ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ስመለስ ውባለም ካርታውን እያጠፈች ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳለች፤ ማዳሟ አሁንም እዚያው ቤት ናት፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀብታ ገብታበታለች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለችኝ። «ድልድዩን ከነዳጅ ማደያው አስጠግተው ነው የሳሉት። ራቅ ይላል፣ ወደ መስጊዱ ነው። ያስተካክሉልኛል?»

እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት፣ ከነጠላዋ ጠርዝ መርፌውን ነቅላ አቀበለችኝ። ክሩ ገብቶበታል። ድልድዩን ሰፍቼ እስክጨርስ እጄን ሦስት ጊዜ ወጋሁት።